የካናዳ ወጣቶች ሆኪ ቡድን ታሪክ፤ የመጀመሪያው ወርቅ ወደተገኘበት ሚኒሶታ ተመልሰናል (ረጅም ነው፣ የምታውቁትን ጨምሩበት)

የኤድመንተን_አባት (ክሩን የከፈተ፣ በፈረንጆች ታህሳስ 2025)

ሰላም ለሁላችሁ። የዓለም ወጣቶች የበረዶ ሆኪ ሻምፒዮና ሊጀመር ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ዘንድሮ አዘጋጁ ሚኒሶታ ነው፤ ሴንት ፖልና ሚኒያፖሊስ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የካናዳ ወጣት ቡድን የመጀመሪያ ወርቁን ያነሳው እዚያው ሚኒሶታ ውስጥ ነውና።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ በረኛ ነው። ባለፈው ሳምንት ከልምምድ ስንመለስ፣ ፀጉሩ ገና በላብ እንደራሰ፣ «አባ፣ ካናዳ ድሮም እንዲህ ጎበዝ ነበረች?» አለኝ። «ኧረ አልነበረችም» ብዬ ጀመርኩለት። ቤት ደርሰን መኪናው ከቆመ በኋላም አልጨረስንም። ለእሱ የነገርኩትን እዚህም ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ውድድሩ በግብዣ መልክ የተጀመረው በ1974 ሌኒንግራድ ላይ ነው። ሦስት ዓመት እንዲሁ ቆየና በ1977 ቼኮስሎቫኪያ ውስጥ በይፋ የዓለም ሻምፒዮና ሆነ። ሶቪየቶች ማንንም አላስጠጉም። የግብዣዎቹን ሦስቱንም በሉ። ይፋ ከሆነ በኋላም ከ1977 እስከ 1980 አራት ጊዜ ተከታትለው ወሰዱ።

ካናዳስ? ካናዳ ክለብ ነበር የምትልከው! በ1974 የሄደው ፒተርቦሮ ፒትስ የሚባል ክለብ ነው። በ1977 ሴንት ካታሪንስ ፊንካፕስ ሄደ፤ ብር ይዞ ተመለሰ። በ1979 ኒው ዌስትሚንስተር ብሩይንስ፣ በ1980 እንደገና ፒትስ። ጥቂት ተጫዋች ከሌላ ክለብ ይዋሳሉ፤ በቃ። እንዲህ አስቡት፦ ለአፍሪካ ዋንጫ ዋልያዎቹን ትቶ ጊዮርጊስን ወይም ቡናን መላክ። ክለቡ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። የሚገጥሙት ግን ከአንድ ሰፊ ሀገር ዳር እስከ ዳር ተመርጠው የመጡ ልጆች ናቸው።

ምክንያት ነበራቸው። ውድድሩ የሚውለው በሊጉ አጋማሽ ላይ ነው። ካናዳ ውስጥ ሦስት ትልልቅ የወጣት ሊጎች አሉ፤ የኦንታሪዮ፣ የኩቤክና የምዕራቡ። የክለብ ባለቤት ኮከቡን በዚያ ሰዓት መልቀቅ አይፈልግም። አንድ ክለብ ከሄደ ሌላው ሳይነካ ይቀራል።

በ1978 ብቻ ነገሩ ተለየ። ውድድሩ ኩቤክ ውስጥ ነበር፤ ከየሊጉ የተውጣጣ ቡድን ተሠራ። እዚያ ውስጥ 17 ዓመት ያልሞላው፣ በኋላ የሆኪ ትልቁ ኮከብ የሆነው ዌይን ግሬትስኪ ነበር። በ6 ጨዋታ 17 ነጥብ ሰበሰበ (በሆኪ ጎል ማግባትም ለጎል ማቀበልም አንድ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል)። ነሐስ መጣ። መልሱ ዓይናቸው ፊት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን ወደ ክለቡ ተመለሱ።

ከሁሉ የከፋው 1981 ነው። ኮርንዎል ሮያልስ የካናዳ የወጣት ክለቦች ሻምፒዮን ነበር። ዴል ሃወርቹክን የመሰለ ልጅ ይዟል። ምዕራብ ጀርመን ሄዶ ከ8 ቡድን 7ኛ ወጣ።

ያኔ ነው የነቁት። የአማተር ሆኪ ማኅበሩን ይመራ የነበረው ሙሬይ ኮስቴሎ «የልህቀት ፕሮግራም» የተባለውን ይዞ ተነሳ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከሦስቱም ሊግ ምረጥ፣ ቀድመህ ሰብስብ፣ አብረው ይሠልጥኑ። ዴቭ ኪንግ አሰልጣኝ ሆነ። በ1982ቱ ውድድር ቡድኑ ዊኒፔግ ላይ ሶቪየቶችን 7 ለ 0 ረታ። ዓመት ሳይሞላው ከ7ኛነት ወደዚህ!

የመጨረሻው ጨዋታ ሮቸስተር፣ ሚኒሶታ፣ ከቼኮስሎቫኪያ ጋር ሆነ። ያኔ ፍፃሜ የሚባል ነገር የለም፤ በነጥብ ነው። ለካናዳ አቻ ይበቃታል። 3 ለ 3 አለቀ። ወርቅ!

ልጄን ያስደነቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መዝሙር ሊሰማ ነው። አዘጋጆቹ ግን የካናዳን መዝሙር የያዘ ቅጂ አልነበራቸውም። ልጆቹ በረዶው ላይ ተሰልፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ ራሳቸው ዘመሩት። ያለ ሙዚቃ። ከአንድ ወር በፊት በየሊጋቸው ሲገፋተሩ የነበሩ ልጆች ናቸው።

ይህን ቡድን የሠራው ያ 7ኛነት ነው ብዬ አምናለሁ። የቀረውንም ታሪኩን በዋንጫ ብዛት ብቻ የሚያነበው ሰው ግማሹን ያጣዋል። እስኪ እናንተም የምታውቁትን በሉ።

ጥያቄ_አለኝ

ወንድሜ ተባረክ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው ያነበብኩት። ሆኪ አዲስ ነኝ፤ ካናዳ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ወጣት ማለት ስንት ዓመት ነው? ኤን ኤች ኤል (የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ) የሚጫወት ልጅ መግባት ይችላል?

የኤድመንተን_አባት

ከ20 ዓመት በታች ነው። ለዘንድሮው በ2006 እና ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ይገባሉ። ኤን ኤች ኤል ያለ ልጅም ዕድሜው ከፈቀደ ይችላል፤ ክለቡ ከለቀቀው ነው እንጂ። ብዙ ጊዜ አይለቁም።

አንዴ ግን ሁሉም ተለቀቁ። በ2004 መገባደጃ የኤን ኤች ኤል ባለቤቶችና ተጫዋቾች በደመወዝ ጉዳይ ተጣልተው ሊጉ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ለ2005ቱ ውድድር፣ ግራንድ ፎርክስ፣ ሰሜን ዳኮታ፣ ካናዳ ያላትን ሁሉ ይዛ ሄደች። ሲድኒ ክሮስቢ፣ ፓትሪስ በርዠሮን፣ ራያን ጌትስላፍ፣ ኮሪ ፔሪ፣ ሼይ ዌበር፤ አምበሉ ማይክ ሪቻርድስ። በ6 ጨዋታ 41 ጎል አግብተው 7 ብቻ ገባባቸው። ፍፃሜ ላይ ኦቬችኪን ያለበትን የሩሲያ ቡድን 6 ለ 1 ሸኙት። ከወጣት ቡድኖች ሁሉ አንደኛው ይኸኛው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ገና_በጃንሜዳ

የኤድመንተኑ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ ቶሮንቶ ከገባሁ 40 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሆኪን የወደድኩት በምን መሰለህ? በገና ጨዋታ ነው። እኛ ልጆች ሳለን ለገና ጫፉ የቆለመመ ዱላ ከዛፍ መርጠን እንቆርጥ ነበር። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተከፍለን ሩሯን ስናሯሩጥ እንውላለን። ጃን ሜዳም ሄጄ ትልልቆቹ ሲጫወቱ አይቻለሁ። እዚህ መጥቼ ቴሌቪዥን ላይ የመጀመሪያውን ሆኪ ሳይ «ይሄማ የኛው ገና ነው፣ በረዶ ላይ ወጣ እንጂ» አልኩ። ውድድሩም የሚያልቀው በኛ ገና ዋዜማ አካባቢ ነው። ታህሳስ 17 ይጀምራል፣ 27 ያልቃል፣ 29 ገና ነው።

አንድ ነገር ዘለህ አልፈሃል። ምናልባት ልትመለስበት ነው። 1987ን ነው የምለው።

እንደመጣሁ ያየሁት ነገር ስለሆነ አልረሳውም። በፈረንጆች ጥር 4 ቀን፣ ፒየሽቻኒ የምትባል የቼኮስሎቫኪያ ከተማ። ካናዳ ከሶቪየት፣ የመጨረሻ ጨዋታ። ካናዳ 4 ለ 2 ትመራለች። በ5 ጎል ካሸነፈች ወርቁ የእሷ ነው፤ ነሐሱንማ ቀድማ አረጋግጣለች። ከሦስቱ ክፍለ ጊዜ በሁለተኛው ላይ ሁለት ልጆች ተያያዙ። ከዚያ ሌሎቹ። ከዚያ ከተቀመጡበት ተነስተው ሁሉም ገቡ። ጓንቱ፣ ዱላው፣ የራስ ቁሩ በረዶው ላይ ተበትኗል። ኖርዌያዊው ዳኛ ሃንስ ሮኒንግ ሊገላግል አልቻለም፤ ሜዳውን ትቶ ወጣ። መጨረሻ ላይ ምን አደረጉ? መብራቱን አጠፉት! በጨለማም ሲመታቱ ነበር። 20 ደቂቃ ያህል ፈጀ።

ሁለቱም ቡድኖች ከውድድሩ ተባረሩ። ወርቁን ፊንላንድ ወሰደች። በዚያ ሜዳ ላይ እኮ ብሬንደን ሻናሃን ነበር፤ ቲዮ ፍለሪ ነበር። በሶቪየት በኩል ፌዶሮቭና ሞጊልኒ ነበሩ። ሁሉም በኋላ የዓለም ስም የሆኑ።

ካናዳ ውስጥ ያኔ ብዙ ሰው ልጆቹን ደገፈ። የቶሮንቶው የኤን ኤች ኤል ክለብ የሜፕል ሊፍስ ባለቤት ሃሮልድ ባላርድ የወርቅ ሜዳሊያ አሠራላቸው። እኔ አልወደድኩትም፤ ዛሬም አልወደውም። እኛ ጋ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ጌታና አሽከር አብረው ይጫወታሉ፤ ጌታው ቅልጥሙን ቢመታም አይቆጣም። ጨዋታ ነዋ። የወጣት ልጅ ቁጣ ይገባኛል። ቁጣውን በሜዳሊያ መሸለም ግን አልገባኝም።

የኤድመንተን_አባት

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። በእርስዎ አፍ መሰማቱ ይሻላል። የገናውን ነገር ለልጄ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ።

አንድ ልጨምርበት። ቅጣቱ በይግባኝ ቀነሰና ከዚያ ቡድን ጥቂቶቹ በሚቀጥለው ዓመት ተመለሱ። ውድድሩ የት ነበር? ሞስኮ! አምበሉ ማን ነበር? ያው ቲዮ ፍለሪ። ሶቪየቶችን በገዛ ሜዳቸው 3 ለ 2 አሸነፉ። በረኛው ጂሚ ዌይት ያን ቀን የሠራውን ልጄ በቪዲዮ ደጋግሞ አይቶታል። ሶቪየቶች ሲመቱ ዋሉ፤ እሱ ሲመልስ ዋለ። ወርቅ ይዘው ተመለሱ። ባላርድ ካሠራው ሜዳሊያ ይልቅ እኔ ይኼኛውን ነው የምቆጥረው።

ሚኒያፖሊስ_ነኝ

እኔ በሌላው ወገን ነኝ 🙂 የአሜሪካ ደጋፊ ነኝ። ባለፉት ሁለት ዓመታት፣ 2024 እና 2025፣ ወርቁን እኛ ወስደናል። ደግሞም ታሪክ ከተባለ 2004 ይነሳ። ሄልሲንኪ፣ ፍፃሜ። ካናዳ ሁለት ክፍለ ጊዜ ጨርሳ 3 ለ 1 ትመራ ነበር። 3 ለ 3 ሆነ። ከዚያ በረኛቸው ማርክ አንድሬ ፍለሪ ፓኳን (በሆኪ የኳስ ምትክ የሆነችውን ጠፍጣፋ የጎማ ክብ) ለማራቅ መታት፤ የራሱን ተከላካይ ነክታ ተመልሳ ጎል ገባች። 4 ለ 3! ለአሜሪካ የመጀመሪያ ወርቋ ነበር።

በ2010ም ሳስካቱን ላይ፣ እቤታቸው፣ በጭማሪ ሰዓት ጆን ካርልሰን አገባባቸው። 6 ለ 5።

ለልጁ ግን ይህን ንገረው፦ ያ በረኛ ፍለሪ በኋላ ሦስት የስታንሊ ዋንጫ፣ የኤን ኤች ኤልን የሻምፒዮንነት ዋንጫ ማለት ነው፣ አነሳ። እንዲህ ዓይነት ጎል የገባበት በረኛ አለቀለት ማለት አይደለም።

የኤድመንተን_አባት

ይህን ስላልክ እግዚአብሔር ይስጥህ። ልጄ ባለፈው ወር በጭማሪ ሰዓት በእግሮቹ መሃል ገባችበትና ሁለት ቀን አልበላም ነበር። አንብቤለታለሁ። ምንም አላለም፤ ስልኬን ወስዶ ራሱ ደግሞ አነበበው።

ሰሎሜ_ኦታዋ

በ2009 አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ተመልካች ሆኜ አይደለም፤ ቡና እየሸጥኩ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ የገና ዕረፍት ሥራ ነው። ግማሽ ፍፃሜ፣ ካናዳ ከሩሲያ።

ከቆምኩበት ሜዳው አይታይም። ከፊቴ ትንሽ ስክሪን አለች፤ ድምፅ የላትም። ሩሲያ 5 ለ 4 ትመራለች። ሰዓቱ እያለቀ ነው። ሰው ካፖርቱን እየቆለፈ መውጣት ጀምሯል። አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው ትኩስ ቸኮሌት አዘዙኝ። ልጁ ያለቅሳል። ጽዋውን ሞልቼ ክዳኑን እየጫንኩ ሳለሁ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። እውነቴን ነው፣ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ቀና ስል ስክሪኗ ላይ ሁሉም ተቃቅፈዋል። ጆርዳን ኤበርሊ አግብቷል። የቀረው ሰዓት 5.4 ሰከንድ ነበር።

ካፖርት የለበሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ሮጠ። ሽማግሌው ልጁን ብብታቸው ሥር አድርገው ሮጡ። ቸኮሌቱ ባንኮኒው ላይ ቀረ፤ ገንዘቡም እንደዚያው። ጭማሪውም አቻ አለቀና በመለያ ምት ኤበርሊና ጆን ታቫሬስ አገቡ፤ ካናዳ አለፈች። በፍፃሜው ስዊድንን 5 ለ 1።

ሽማግሌው ከጨዋታው በኋላ ተመልሰው መጥተው ያንን የቀዘቀዘ ቸኮሌት ወሰዱ። ትኩስ ልስጥዎት ብላቸው እምቢ አሉኝ። «ይኼኛውን ነው የምንፈልገው» አሉ።

ሁለተኛ_ትውልድ

ሰላም፣ አማርኛ ስጽፍ ብሳሳት ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እዚሁ ነው የተወለድኩት።

አባቴ ልጅ ሆኜ ሆኪ ሊያስገባኝ ሲያመነታ ያሳመነው አንድ ሰው ነው፤ ጃሮም ኢጊንላ። አባቱ ናይጄሪያዊ ነው። ኤድመንተን ተወልዶ ጎረቤቷ ሴንት አልበርት ነው ያደገው። በ1996 ቦስተን ላይ ለወጣት ቡድኑ 12 ነጥብ ሰብስቦ በነጥብ የውድድሩ አንደኛ ሆነ፤ ምርጥ አጥቂም ተባለ። ቡድኑም ወርቅ ወሰደ። አባቴ ያንን ካየ በኋላ «የአፍሪካ ልጅ በረዶ ላይ ይወድቃል ያለው ማነው?» ብሎ ያገለገለ ስኬት ገዛልኝ። አንድ ቁጥር ይሰፋኝ ነበር፤ በሁለት ካልሲ ነው የማደርገው።

2020 ደግሞ ኦስትራቫ። ካናዳ በምድብ ጨዋታ በሩሲያ 6 ለ 0 ተሸንፋ ነበር። በዚህ ውድድር ከደረሱባት ሽንፈቶች ሁሉ የከፋው ነው። በፍፃሜው ያው ሩሲያ መጣች። 3 ለ 1 እየመራችን ነበር። 3 ለ 3 አደረግን። ከዚያ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው አኪል ቶማስ የሚባል ጥቁር ልጅ፣ በዚያ ምሽት ብዙም ያልተሰለፈ፣ ብቻውን ሮጦ በረኛውን ዞረና አገባ። 4 ለ 3። እኔና አባቴ ሳሎን ውስጥ ጮኸን ጎረቤት ደወለልን።

እናት_ካልጋሪ

ሁሉንም አነበብኩ፤ ደስ የሚል ነው። ግን እኔ የማነሳው ደስ አይልም። የቡድኑ ታሪክ ከተባለ 2018 እና 2022 ሊዘለሉ አይገባም።

በ2022 አንድ ነገር ወጣ። የ2018ቱን ወርቅ ያመጡት ልጆች በዚያው በ2018 ሰኔ ላይ ለንደን፣ ኦንታሪዮ፣ የክብር ግብዣ ተደርጎላቸው ነበር። ከግብዣው በኋላ ከቡድኑ ተጫዋቾች መሃል ያሉ ሰዎች በቡድን የወሲብ ጥቃት አድርሰውብኛል ብላ አንዲት ሴት ከሰሰች። የሀገሪቱን ሆኪ የሚያስተዳድረው ሆኪ ካናዳ ክሱን በገንዘብ ዘጋው። ከዚያ ለእንዲህ ዓይነት ክሶች ጭምር የሚያገለግል ፈንድ እንዳለ፣ ፈንዱም ከአባላት መዋጮ እንደሚሞላ ታወቀ። ከእኔና ከእናንተ ኪስ ማለት ነው። ፓርላማው ጠርቶ ጠየቃቸው። ስፖንሰሮች ጥለው ወጡ። በጥቅምት 2022 ዋና ሥራ አስኪያጁም ቦርዱም በሙሉ ለቀቁ። በወንጀል የተከሰሱት አምስት ተጫዋቾች ባለፈው ሐምሌ፣ 2025፣ ፍርድ ቤት ሁሉንም በነፃ አሰናብቷቸዋል። ፍርዱ ፍርድ ነው፤ እሱ ላይ አልመለስም።

የእኔ ጥያቄ ከፍርዱ ውጪ ነው። ልጄ ሴት ናት፤ 13 ዓመቷ ነው፤ ሆኪ ትጫወታለች። በየዓመቱ መስከረም ላይ የምዝገባ ስከፍል ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ያልጠየቅኩት ለምንድን ነው? አሁን እጠይቃለሁ። የክለባችን ስብሰባ ላይ እጄን አወጣለሁ። መጀመሪያ ሲያዩኝ ዝም ይሉ ነበር። ዘንድሮ የሂሳብ ወረቀቱን ራሳቸው አትመው ሰጡን።

የኤድመንተን_አባት

እህቴ፣ ልክ ነሽ። እኔ ጽሑፉን ሳዘጋጅ እሱን የት ላስገባው ብዬ ተቸግሬ ትቼው ነበር። መተው አልነበረብኝም።

2022ን እዚህ ከተማ ሆኜ ነው ያየሁት። ውድድሩ በታህሳስ ተጀምሮ በኮቪድ ምክንያት በአራተኛው ቀን ተቋርጦ ነበር። ነሐሴ ላይ እንደገና ተደረገ። ልጄን ይዤ የምድብ ጨዋታ ገባሁ። መቀመጫው አብዛኛው ባዶ ነበር። የበረዶው ላይ የማስታወቂያ ሥዕሎችም የሉም፤ ስፖንሰሮች ሄደዋል። ተጫዋቾቹ ሲጠራሩ፣ ፓኳ እንጨቱን ስትመታ፣ ሁሉም ይሰማል። ለእነዚያ ልጆች አዘንኩ። እነሱ ምንም አላደረጉም፤ የመጣው ግን በእነሱ ላይ ነው።

በፍፃሜው ከፊንላንድ ጋር 2 ለ 2 ሆነው ጭማሪ ሰዓት ገቡ። እዚያ አንድ ነገር ሆነ። ፊንላንዶች መቱ፤ ፓኳ በረኛውን አልፋ በአየር ላይ እየወረደች ወደ ጎሉ መስመር ሄደች። አምበሉ ሜሰን ማክታቪሽ በዱላው ከአየር ላይ ቀለባት፤ ትንሽ ቢዘገይ ጎል ነበረች። ከአፍታ በኋላ ኬንት ጆንሰን በዚያኛው በኩል አገባ። 3 ለ 2። ልጄ ያኔ 8 ዓመቱ ነበር። አጥቂ መሆን ነበር የሚፈልገው። ያንን ካየ በኋላ ነው «በረኛ ልሁን» ያለኝ። ጎል ያስቀረው አጥቂ ነው ብለው አልሰማኝም።

ገና_በጃንሜዳ

እናት ካልጋሪ፣ እጅሽን ማውጣትሽን እንዳትተዪ። እኔ በልጆቼ ጊዜ አልጠየቅኩም።

ስለ ሽንፈት ከተነሳ አይቀር 1998 ይመዝገብልኝ። ከ1993 እስከ 1997 አምስት ዓመት ተከታትለን ወርቅ ወስደን ነበር። ሁሉም ስድስተኛውን ይጠብቃል። ፊንላንድ ሄዱ፤ ለ7ኛነት ከካዛክስታን ጋር ተጫውተው 6 ለ 3 ተሸነፉ። 8ኛ! ከዚያ እስከ 2005 ወርቅ አላየንም። ከ2005 እስከ 2009 ደግሞ አምስቱን ተከታትለው ወሰዱ።

ሚኒያፖሊስ_ነኝ

2011ስ ጋሼ? ቡፋሎ ላይ ሩሲያን 3 ለ 0 እየመሩ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ገብተው 5 ጎል ገባባቸው። ያን ሁሉ ካናዳዊ ድንበር ተሻግሮ ሞልቶት ነበር አዳራሹን። 5 ለ 3። እኔ እንኳን አዝኜላቸው ነበር።

የኤድመንተን_አባት

የዚያ ቡድን አሰልጣኝ ዴቭ ካሜሮን ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ ነሐሴ 2022 ወርቁን ያመጣው ያው ዴቭ ካሜሮን ነው። በ2025 ኦታዋ ላይም እሱ ነበር። ላትቪያ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈችን፤ በመለያ ምት። ከዚያ ቼክ በሩብ ፍፃሜ 4 ለ 3 ሸኘችን፤ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ እንኳን አልቀረውም ነበር። በ2024ም ያው ቼክ፣ ያው ሩብ ፍፃሜ፣ 3 ለ 2፣ በመጨረሻው ሰከንዶች።

20 ወርቅ አለን። የመጨረሻው የ2023ቱ ሃሊፋክስ ነው፤ ኮነር ቤዳርድ 23 ነጥብ የሰበሰበበት። በ2024 እና በ2025 ሁለት ጊዜ ተከታትለን 5ኛ ወጣን። ስለዚህ ነው 1981ን ያነሳሁት። ዘንድሮ የመጀመሪያ ጨዋታችን ከማን ጋር ነው? ከቼክ ጋር፣ ሚኒያፖሊስ ላይ።

ሰሎሜ_ኦታዋ

ባለፈው ዓመት የላትቪያውን ጨዋታ ትኬት ገዝቼ ገባሁ፤ ከቡናው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። የላትቪያ በረኛ ከ50 በላይ አዳነ። ሲያልቅ አጠገቤ የነበሩ ካናዳውያን ቆመው አጨበጨቡለት። እኔም ቆምኩ።

ሚኒያፖሊስ_ነኝ

የኤድመንተኑ፣ ልጁን ይዘህ ና። ቤት አለ። ሮቸስተር ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ አንድ ቀን ወስጄ መዝሙሩ የተዘመረባትን ከተማ አሳየዋለሁ። ለአሜሪካ ነው የምጮኸው፣ ያንን ግን ታገሡኝ።

የኤድመንተን_አባት

ለልጁ አነበብኩለት። ቦርሳውን እያዘጋጀ ነው፤ የበረኛ ጓንቱን ሁሉ ከተተ፤ አያስፈልግህም ብለው እምቢ አለ። ባለቤቴ ፆሙ ስላለ ምን እንብላ ብላ ትጠይቃለች።

ሚኒያፖሊስ_ነኝ

ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሁሉ አለ። ፍፃሜው 27 ነው። እስከ 29 ቆዩ፤ ዶሮው ከእኔ።

ገና_በጃንሜዳ

ለልጁ የገና ዱላ እሠራለታለሁ። አድራሻ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ቁመቱ ስንት ነው?